ኮንቴይነር ውስጥ ፈዚንግ፦ 312 ክራሽ አለኝ፣ ውጪ ግን አንዱም አይደገምም

ሰላም ወንድሜ። ሌላም ሰው ሲያነበው እንዲገባው ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። በሲ የተጻፈ የምስል ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም አለህ፣ በኤኤፍኤል ፕላስ ፕላስ (ከዚህ በኋላ ኤኤፍኤል) ፈዝ እያደረግከው ነው፣ ማለት መሣሪያው የተበላሸ ኢንፑት በብዛት እየፈጠረ ፕሮግራሙ በየትኛው እንደሚወድቅ ይፈልጋል፣ ላፕቶፕህ ላይ በሰከንድ ወደ 1900 ጊዜ ይሮጥ የነበረው ባለ 8 ኮር ሰርቨር ላይ 8 የዶከር ኮንቴይነር ከፍተህ ስትለቀው እያንዳንዱ 140 አካባቢ ላይ ቀረ፣ በሦስት ቀን 312 ክራሽ (ፕሮግራሙን የጣለ ኢንፑት ፋይል) አስቀመጠ፣ ፋይሎቹን አውጥተህ ከኮንቴይነር ውጪ ስትሞክራቸው ግን አንዱም ፕሮግራሙን አልጣለውም። ኮንቴይነሩ ነው ወይ ያበላሸው፣ ልተወው ወይ ነው የምትለው።

አትተወው። ግን 312ቱንም እንደ ባግ አትቁጠራቸው፣ ዝም ብለህም አትጣላቸው፣ ሁለቱም ስህተት ነው። እኔ ከጻፍከው ብቻ ተነስቼ የማየው ሦስት የተለያየ ነገር አንድ ላይ ተደባልቆ ነው፣ አንዱ የሜሞሪ ጉዳይ፣ አንዱ የተለያየ ባይነሪ (ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም) መሞከርህ፣ ሌላው ስምንቱም ኮንቴይነሮች አንድ ኮር ላይ ተደርበው መቀመጣቸው። በየተራ እንያቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ኮንቴይነር ትንሽ ማሽን አይደለም፣ ይሄን ያዝልኝ። ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ያው የሆስቱ፣ ማለት የዋናው ማሽን ከርነል ነው፣ ውስጥ ያለው ፕሮሰስም ሆስቱ ላይ ያለ ተራ ፕሮሰስ ነው፣ ኔምስፔስ ምን ማየት እንደሚችል ይከልልበታል፣ ሲግሩፕ ደሞ ምን ያህል መብላት እንደሚችል ይወስንበታል፣ በቃ ይሄው ነው። ለዌብ ሰርቨር ይሄ ብዙም ለውጥ የለውም። ፈዘር ግን እንጀራው ከከርነሉ ጋር ነው፣ በሰከንድ ሺ ጊዜ ፎርክ ያደርጋል (አዲስ ልጅ ፕሮሰስ ይፈጥራል)፣ ልጅ ፕሮሰሱ እንዴት እንደሞተ ከከርነሉ ነው የሚሰማው፣ የትኛው ኮር ነጻ እንደሆነ ፕሮክ (ከርነሉ የፕሮሰሶችን መረጃ የሚያሳይበት ፎልደር) ውስጥ ገብቶ ነው የሚያየው። ስለዚህ ኮንቴይነሩ የከለለበትን ነገር ፈዘሩ አያይም፣ ሲግሩፑ የገደለበትን ፕሮሰስ ደሞ ራሱ ክራሽ ያደረገ ይመስለዋል።

ነገሩ ድሮም እንዲህ ነበር። በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባርተን ሚለር የሚባለው ፕሮፌሰር ማዕበል ባለበት ሌሊት በስልክ መስመር ዩኒክስ ማሽን ላይ ሲሰራ፣ የመስመሩ ረብሻ የሚጨምረው ትርፍ ፊደል ፕሮግራሞቹን ሲጥላቸው አየ፣ ከዛ ለተማሪዎቹ ፕሮጀክት አድርጎ ሰጣቸው፣ በ1990 ባወጡት ጥናት ከሞከሯቸው የዩኒክስ ፕሮግራሞች ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ወድቀዋል። ያኔ መለኪያው አንድ ብቻ ነበር፣ ፕሮግራሙ ሞተ ወይስ ተንጠለጠለ። ዛሬ ከቨሬጅ (ኢንፑቱ የትኛውን ኮድ እንደነካ መለካት) አለ፣ ሳኒታይዘር (ኮዱ ውስጥ ገብቶ የሜሞሪ ስህተት የሚይዝ ፍተሻ) አለ፣ ምናምን፣ ግን መጨረሻ ላይ የምንጠይቀው ያንኑ ነው፣ ሞተ ወይ፣ በምን ሞተ። "በምን ሞተ" የሚለውን ካላየህ 312 የሚለው ቁጥር ምንም አይነግርህም።

እሺ፣ ክራሽ ፎልደሩን ክፈትና የፋይሎቹን ስም እያቸው። እያንዳንዱ ስም ውስጥ ከአይዲው ቀጥሎ ሲግ የሚል አለ፣ አጠገቡ ሁለት ዲጂት፣ ፕሮግራሙ የሞተበት የሲግናል ቁጥር ነው። 11 ከሆነ ፕሮግራሙ የማይነካ አድራሻ ነክቶ ነው የሞተው፣ ሴግፎልት የምንለው። 06 ከሆነ ራሱ አቦርት ብሎ ነው የወጣው፣ አሰርት ሊሆን ይችላል ወይም አድረስ ሳኒታይዘር ጥፋት አግኝቶ አስቁሞት ነው። 09 ከሆነ ግን ፕሮግራሙ አልወደቀም፣ ሌላ አካል ገድሎታል፣ ምክንያቱም 9 ሲግኪል ነው፣ ማንም ፕሮግራም በመጥፎ ኢንፑት ምክንያት በራሱ ላይ ሲግኪል አይልክም። ኤኤፍኤል ራሱ ታይምአውት ሲያልፍ በ9 ይገድላል ግን እሱን ራሱ ስለሚያውቀው ከታይምአውት ነው የሚቆጥረው፣ እሱ ሳይገድል በ9 የሞተ ልጅ ሲያይ ግን ሌላ ምርጫ የለውም፣ ክራሽ ብሎ ያስቀምጠዋል። ገዳዩ ማነው ካልክ ኮንቴይነር ውስጥ ከሆንክ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የከርነሉ ኦኦኤም ኪለር ነው፣ የሜሞሪ ወሰኑን ሲያልፍ ከሲግሩፑ ውስጥ አንዱን መርጦ የሚገድለው።

የአንተ 312 ውስጥ አብዛኛው 09 ቢሆን አልገረምም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ሆስቱ ላይ የከርነል ሎጉን በዲሜሴጅ አውጣና ሜሞሪ ሲግሩፕ አውት ኦፍ ሜሞሪ የሚል መስመር ፈልግ፣ ወይም የኮንቴይነሩ ሲግሩፕ ፎልደር ውስጥ ሜሞሪ ነጥብ ኢቨንትስ የሚባለውን ፋይል ክፈትና ኦኦኤም ኪል የሚለው ቁጥር ስንት እንደደረሰ እይ። ቁጥሩ ከ09 ፋይሎችህ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ነገሩ አለቀ። አንዳንዴ ደሞ ኪለሩ የሚመርጠው ልጁን ሳይሆን ራሱን ኤኤፍኤልን ነው፣ ያኔ ኮንቴይነሩ ራሱ ወድቆ በ137 ይወጣል፣ 137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው።

ለምን ሜሞሪ አለቀ? አድረስ ሳኒታይዘር ጨምረህ ኮምፓይል ካደረግክ፣ ፕሮግራሙ ከወትሮው በጣም የበለጠ ይበላል። አንደኛ እያንዳንዱ 8 ባይት የፕሮግራሙ ሜሞሪ 1 ባይት ሻዶ አለው፣ ሁለተኛ በየአሎኬሽኑ ዙሪያ ሬድዞን ያስቀምጣል፣ ሦስተኛ ፍሪ የተደረገውን ሜሞሪ ቶሎ መልሶ አይሰጥም፣ ኳራንቲን ውስጥ ያቆየዋል፣ የኳራንቲኑ መጠን ካልቀየርከው 256 ሜጋባይት ነው። አንተ ኮንቴይነሩን 512 ሜጋባይት ሰጥተኸው ከሆነ ፕሮግራሙ ምንም ሳያጠፋ ሊገደል ይችላል። ለኮንቴይነሩ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ስጠው፣ ወይ ኳራንቲኑን ኤሳን ኦፕሽንስ በሚባለው የሳኒታይዘሩ ኢንቫይሮመንት ቫርያብል ቀንሰው። እሱን ቫርያብል ራስህ ስትሞላ አቦርት ኦን ኤረር 1 እና ሲምቦላይዝ (አድራሻን ወደ ፋንክሽን ስም የሚቀይረው) 0 መጨመር እንዳትረሳ፣ ካልጨመርክ ኤኤፍኤል አልነሳም ይልሃል፣ ይሄ ደሞ ልክ ነው። በሰረዝ ኤም የሚሰጠውን የኤኤፍኤልን የራሱን ሜሞሪ ገደብ ከሳኒታይዘር ጋር እንዳታደርገው፣ እሱ የሚቆጥረው ቨርቹዋል ሜሞሪን ነው፣ ሳኒታይዘሩ 64 ቢት ላይ ገና ሲነሳ ቴራባይቶች ቨርቹዋል አድራሻ ስለሚይዝ ወዲያው ይሞትብሃል። ሲግሩፕ የሚቆጥረው በርግጥ የተነካውን ሜሞሪ ስለሆነ ለዚህ የሚሻለው እሱ ነው፣ እዚህ ጋ ኮንቴይነር እንዲያውም ጠቅሞሃል።

ግን 09ኞቹን ሰብስበህ ከመደምሰስህ በፊት ቆይ። የምስል አንባቢ ነው ያልከው አይደል፣ የምስል አንባቢ ውስጥ 09 አንዳንዴ እውነተኛ ባግ መኖሩን የሚጠቁም ጭስ ነው። ለምን መሰለህ፣ ሄደሩ ላይ ስፋትና ቁመት አለ፣ ፕሮግራሙ ስፋት ሲባዛ ቁመት ሲባዛ 4 ብሎ ያን ያህል ባይት ማሎክ ያደርጋል፣ ማለት ሜሞሪ ይጠይቃል። ፈዘሩ ስፋቱን 65536፣ ቁመቱን 16383 ቢያደርገው ውጤቱ 4294705152 ይሆናል፣ 4.3 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው፣ ፕሮግራሙ ቦታውን በዜሮ መሙላት ሲጀምር ሲግሩፑ ወሰን ላይ ይደርስና ይገደላል፣ ፋይሉም ሲግ 09 ተብሎ ይቀመጣል። አሁን ቁመቱ ላይ 1 ብቻ ጨምርበት፣ 16384 አድርገው። ውጤቱ በትክክል 4294967296 ነው፣ ማለት 2 ሲነሳ ለ32፣ ሂሳቡ በ32 ቢት ቫርያብል ከተሰራ ተጠቅልሎ ዜሮ ይሆናል፣ ማሎክ ዜሮ ባይት ይሰጣል፣ ከዛ ሉፑ የመጀመሪያውን ረድፍ መጻፍ ሲጀምር ቀጥታ ሂፕ ኦቨርፍሎው ውስጥ ነህ፣ ማለት ከተሰጠው ሜሞሪ አልፎ ይጽፋል። ያ ደሞ ሰው የሌላ ሰው ማሽን ውስጥ ሊገባበት የሚችል ዓይነት ቀዳዳ ነው። ሁለቱ ፋይሎች የሚለያዩት በጥቂት ባይት ብቻ ነው፣ አንዱ "የኮንቴይነር ችግር ነው" ተብሎ የሚጣል፣ ሌላው እውነተኛው ባግ። ስለዚህ ከ09ኞቹ አንድ አስር ያህሉን ብዙ ሜሞሪ ባለው ኮንቴይነር ውስጥ ለብቻቸው አስሩጣቸውና ሄደራቸውን በሄክስ ቪወር እያቸው፣ ሁሉም ስፋትና ቁመታቸው የተጋነነ ከሆነ ያቺን የማባዛት መስመር ፈልጋት። ከስፋትና ቁመት ላይ ገደብ ማድረግ የፕሮግራሙ ግዴታ ነው፣ ሰላሳ ባይት ፋይል 4 ጊጋባይት የሚያስበላ ከሆነ እሱም ራሱ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ነገር። "ውጪ አንዱም አልወደቀም" ስትል ውጪ ያስሮጥከው የትኛውን ባይነሪ ነው? ብዙ ሰው ውስጥ ያለውን አፍል ክላንግ ፋስት በሚባለው የኤኤፍኤል ኮምፓይለር ከሳኒታይዘር ጋር ሰርቶ፣ ውጪ ግን የተለመደውን የሪሊዝ ቢልድ ነው የሚሞክረው። 06 ያሉት ፋይሎችህ በዚህ ነው የጠፉት ብዬ ነው የማስበው። አድረስ ሳኒታይዘር የሚይዘው አንድ ባይት ከበፈር አልፎ ማንበብን ጭምር ነው፣ ተራው ባይነሪ ግን ያን ባይት አንብቦ ምንም ሳይል ይቀጥላል፣ ምክንያቱም አጠገቡ ያለው ሜሞሪ የዛው ፕሮሰስ ነው፣ ከርነሉ የሚከለክልበት ምክንያት የለም። ካልወደቀ ባግ የለም ማለት አይደለም እኮ። በ2014 የኢንተርኔት ግንኙነት የሚያመሰጥረው ኦፕን ኤስኤስኤል ላይብረሪ ውስጥ የወጣውን ኸርትብሊድ የሚባለውን ቀዳዳ አስታውስ፣ ሰርቨሩ ጭራሽ አልወደቀም፣ ዝም ብሎ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሜሞሪውን ይዘት ለጠየቀው ሁሉ ይሰጥ ነበር። ክራሽ ብቻ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ያለውን አያየውም። ስለዚህ ክራሽን መልሰህ የምትሞክረው በዛው ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል)፣ በዛው ባይነሪ፣ በዛው ኢንቫይሮመንት ቫርያብል ነው፣ ኢሜጁንም በታግ ሳይሆን በዳይጀስቱ (ይዘቱን በሚለየው ቋሚ ኮድ) ያዘው፣ ሌተስት የሚለው ታግ ከሳምንት በኋላ ሌላ ላይብረሪ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ኮንቴይነር ለፈዚንግ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ለኔ ይሄ ነው፣ ክራሹን፣ ባይነሪውን፣ ላይብረሪውን አንድ ላይ ጠቅልለህ ከስድስት ወር በኋላ እንኳ ያንኑ ውድቀት መድገም ትችላለህ። አንተ ግን ፋይሉን ብቻ አውጥተህ ቀሪውን እዛው ተውከው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ቤዝ ኢሜጅህ አልፓይን ከሆነ ቀይረው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ነው ሰው የሚወደው ግን ሲ ላይብረሪው መስል ነው፣ ሳኒታይዘሮቹ የተሰሩትም የተፈተኑትም በዋናነት ለጂሊብሲ ነው። ዴቢያን ወይ ኡቡንቱ፣ ወይም የኤኤፍኤል ፕላስ ፕላስ ሰዎች ራሳቸው ዶከር ሀብ ላይ ያስቀመጡትን ኢሜጅ ተጠቀም።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። 140 ሲባዛ 8፣ 1120 ነው። ስምንቱ ተደምረው እንኳ የላፕቶፕህን አንድ ኮር አላከሉም። ይሄ ቁጥር ራሱ ነገሩን ይናገራል። ኤኤፍኤል ሲነሳ ፕሮክ ውስጥ ያሉትን ፕሮሰሶች አንድ በአንድ አይቶ የትኛው ኮር ላይ ማን ራሱን እንዳሰረ ይፈትሻል፣ ነጻ ያገኘውን የመጀመሪያ ኮር ይይዛል። ኮንቴይነር ውስጥ ግን ፒአይዲ (የፕሮሰስ ቁጥር) ኔምስፔሱ የራሱ ስለሆነ የሌሎቹን ሰባት ኮንቴይነሮች ፕሮሰስ አያያቸውም፣ ለእያንዳንዱ ማሽኑ ባዶ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ስምንቱም ተመሳሳዩን ኮር ነጻ ነው ብለው ይይዙታል። ሆስቱ ላይ ቶፕ ክፈትና 1ን ተጫን፣ አንዱ ኮር መቶ በመቶ ላይ ተቸክሎ ሌሎቹ ሥራ ፈተው ታያቸዋለህ። መፍትሄው ሲፒዩሴት ነው፣ ዶከር ራን ስትል ሲፒዩሴት ሲፒዩስ በሚለው ፍላግ ለአንደኛው 0፣ ለሁለተኛው 1 እያልክ ለየብቻ ስጣቸው፣ ኤኤፍኤል ራሱ ኮር እንዳይመርጥ ደሞ ኤኤፍኤል ኖ አፊኒቲ የሚለውን ቫርያብል አብራው። እኔ ግን አንድ ማሽን ብቻ ካለህ ስምንት ኮንቴይነር የምትከፍትበት ምክንያት አይታየኝም፣ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ አንድ ዋና በሰረዝ ትልቁ ኤም፣ ሰባት ረዳት በሰረዝ ትልቁ ኤስ አድርገህ አስነሳቸው፣ እርስ በርስ ስለሚተያዩ ኮሩን ራሳቸው ይከፋፈሉታል። በተለያየ ኮንቴይነር ከሆኑ ደሞ የአውትፑት ፎልደሩ የጋራ ቮሊዩም (ኮንቴይነሩ ቢጠፋም የሚቀር ቦታ) መሆን አለበት፣ ምክንያቱም አንዱ ያገኘውን ኢንፑት ሌላው የሚወስደው ከዛ ፎልደር ላይ ነው፣ ካልሆነ ስምንቱም አንድ ዓይነት መንገድ ከዜሮ ሲጀምሩ ነው የሚውሉት።

ሲፒዩስ የሚለው ሌላው ፍላግ (ሲፒዩሴት ያልሆነው) ላይ ተጠንቀቅ። እሱ ኮር አይሰጥህም፣ የጊዜ ኮታ ነው የሚሰጥህ። 0.5 ካልከው ከየ100 ሚሊሰከንዱ 50ውን ከተጠቀምክ በኋላ ቀሪውን ከርነሉ ያቆምሃል፣ ፈዘሩ ደሞ ፕሮግራሙ በሚቆምባት ቅጽበት ሰዓት እየቆጠረ ነው፣ ስለዚህ ምንም ያላጠፋ ኢንፑት ታይምአውት ተብሎ ይመዘገባል። ፈዘርን ሙሉ ኮር ስጠው ወይ አታስነሳው።

ለፍጥነቱ የበለጠ የሚጠቅምህ ፐርሲስተንት ሞድ ነው። በየኢንፑቱ አዲስ ፎርክ ከማድረግ ፕሮግራሙን ሉፕ ውስጥ አስገብተህ በአንድ ፕሮሰስ 10000 ኢንፑት ታሳልፋለህ፣ ኢንፑቱም በፋይል ሳይሆን በሼርድ ሜሞሪ ይደርሰዋል፣ የኮንቴይነሩ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም ከመንገድህ ይወጣል ማለት ነው። የምስል አንባቢ ለዚህ በጣም ይመቻል፣ ፋንክሽኑ በፈርና ርዝመት ተቀብሎ የሚመለስ ከሆነ የሚጻፈው ኮድ ከአስራ አምስት መስመር አይበልጥም። እንዲህ አድርጌ ከአስር እጥፍ በላይ ሲፈጥን በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ብቻ ግሎባል ቫርያብሎች ከአንዱ ኢንፑት ወደ ሌላው እንዳይሻገሩ አጽዳቸው፣ ስክሪኑ ላይ ስታቢሊቲ የሚለው ቁጥር ከወረደ አንድ ነገር እየተረፈ ነው፣ ያኔ ብቻውን የማይደገም ክራሽ ይመጣብሃል።

የሆስት ሴቲንግ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ሲሰራ ስለማይ ትንሽ ልቆይበት። ኤኤፍኤል ሲነሳ ኮር ፓተርን የሚባለውን የከርነል ሴቲንግ ያያል፣ ይዘቱ በፓይፕ ምልክት የሚጀምር ከሆነ ማለትም ክራሽ ሲኖር ከርነሉ ሌላ ፕሮግራም ጠርቶ ኮር ዳምፑን (የሞተውን ፕሮሰስ የሜሞሪ ቅጂ) የሚያስረክብ ከሆነ አልነሳም ይላል። ለምን ካልክ፣ ልጁ ሞቶ ኤኤፍኤል እስኪሰማ ድረስ ያ ፕሮግራም ሥራውን እስኪጨርስ ጊዜ ይሄዳል፣ ኤኤፍኤልም እውነተኛውን ክራሽ ታይምአውት ነው ብሎ ያልፈዋል። ይሄ ሴቲንግ በኮንቴይነር የተከፋፈለ አይደለም፣ የከርነሉ አንድ ብቻ ነው፣ ተራ ኮንቴይነር ውስጥ ሆነህ ልትጽፍበት ስትል ደሞ አይፈቀድም ትባላለህ። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል፣ ወይ ፕሪቪሌጅድ ብሎ ኮንቴይነሩን ሙሉ በሙሉ ይከፍተዋል፣ ወይ ክራሽ ቢያመልጠኝ ግድ የለኝም የሚለውን የኤኤፍኤል ቫርያብል ከሌላ ሰው ዶከርፋይል ገልብጦ ያስገባል። የመጀመሪያው ያልታመነ ኢንፑት የምታበላውን ፕሮግራም ከሆስቱ የሚለየውን ግድግዳ ማፍረስ ነው፣ ሁለተኛው ስሙ ራሱ እንደሚለው ክራሽ እንዲያመልጥህ መፍቀድ ነው፣ ክራሽ ልትፈልግ ነው እኮ የመጣኸው። ትክክለኛው ሆስቱ ላይ ሆነህ ኮር ፓተርን ውስጥ አንዴ ኮር የሚል ቃል ብቻ መጻፍ ነው፣ ከዛ ሁሉም ኮንቴይነር ያየዋል፣ ማሽኑ ሪስታርት ሲያደርግ እንዳይጠፋ ሲስሲቲኤል ፋይል ውስጥ አስቀምጠው።

እዛው እያለህ ቪኤም ኤምማፕ አርኤንዲ ቢትስ የሚለውን፣ የሜሞሪ አድራሻ ምን ያህል እንደሚበታተን የሚወስነውን የከርነል ሴቲንግ እየው። አዳዲስ ከርነሎች ላይ አንዳንድ ዲስትሪቡሽኖች 32 አድርገውታል፣ የአድራሻው መበታተን በጣም ሲሰፋ የቆዩት የሳኒታይዘር ቨርዥኖች ሻዶ ሜሞሪያቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተቀምጦ ያገኙታል፣ ፕሮግራሙ ገና ሜይን ሳይደርስ ይሞታል፣ ሁልጊዜም አይደለም፣ አንዳንዴ፣ ያ ነው ሰው የሚያሳብደው። ሆስቱ ላይ 28 አድርገው ወይ አዲስ ክላንግ ተጠቀም። ያንኑ ፋይል አስር ጊዜ ስታስሮጠው ሁለቴ ወድቆ ስምንቴ የሚያልፍ ከሆነ፣ ስታክ ትሬሱም (ሲወድቅ ተጠርተው የነበሩት ፋንክሽኖች ዝርዝር) ከፕሮግራምህ አንድ ፋንክሽን እንኳ ከሌለበት፣ መጀመሪያ እዚህ ነው የምትፈትሸው።

ኮንቴይነሩን ስታስነሳ ኢኒት የሚለውን ፍላግ ጨምር። ፕሮግራምህ ራሱ ልጅ ፕሮሰስ የሚፈጥር ከሆነ ወላጁ ሲገደል ልጆቹ ወደ ፒአይዲ 1 ነው የሚጠጉት፣ ፒአይዲ 1 ደሞ አንተ ያስነሳኸው ስክሪፕት ወይ ኤኤፍኤል ከሆነ የሞቱትን የሚሰበስብ የለም፣ ዞምቢ እየተጠራቀመ የፕሮሰስ ገደቡ ይሞላል። ኔትወርኩንም ጭራሽ ዝጋው፣ የምስል አንባቢ ኔትወርክ ምን ያደርግለታል።

አውትፑት ፎልደሩን ግን፣ እባክህን፣ ቮሊዩም ላይ አድርገው። እኔ ከዓመታት በፊት የአንድ ፎንት አንባቢ ላይብረሪ ፈዝ ሳደርግ ኮንቴይነሩ ሲቆም ራሱን እንዲያጠፋ አርኤም በሚለው ፍላግ አስነስቼው ነበር፣ አውትፑቱም ውስጡ፣ ዘጠኝ ቀን ሮጦ ሰርቨሩ ለጥገና ሲዘጋ ሁሉም አብሮ ሄደ። ክራሾቹን መልሶ ማግኘት ይቻላል፣ ያሳዘነኝ ኮርፐሱ (ፈዘሩ የሰበሰባቸው ኢንፑቶች) ነው፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ በአንድ የተገነባው፣ እያንዳንዱ ፋይል አዲስ መንገድ የሚከፍት፣ እሱ ነበር ሀብቱ። አሁን ቮሊዩም ላይ ካለህና ኤኤፍኤል አውቶ ሪዚዩም ካበራህ ኮንቴይነሩ በወደቀ ቁጥር ካቆመበት ይቀጥላል። ዶከር ስቶፕ ስትል ደሞ 10 ሰከንድ ጠብቆ ካልቆመ በሲግኪል እንደሚገድለው አትርሳ፣ ሼል ስክሪፕት ፒአይዲ 1 ከሆነ ምልክቱን ለኤኤፍኤል አያስተላልፍም፣ ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ ኤክሴክ ብለህ ቦታውን ለኤኤፍኤል ልቀቅ።

ሶርስ ኮዱ የሌለህ ባይነሪ ቢሆንስ ብለህ ከታች ጠይቀሃል። ኪውኢኤምዩ ሞድ አለ፣ በሰረዝ ትልቁ ኪው፣ ፍጥነቱ ከ2 እስከ 5 እጥፍ ይቀንሳል፣ ፍሪዳ ሞድም አለ። ኮንቴይነር እዚህ ላይ በጣም ይረዳል ምክንያቱም ያ ባይነሪ የተሰራበትን የድሮ ላይብረሪ ሁሉ ሆስትህን ሳታበላሽ ማስገባት ትችላለህ። ግን ሶርሱ እያለህ ወደዚህ አትሂድ።

ክራሾቹን ስትለያቸው በስታክ ትሬሱ የላይኛዎቹ ሦስት አራት ፋንክሽኖች ሰብስባቸው፣ መቶዎቹ ወደ ሁለትና ሦስት ባግ ሲወርዱ ታያለህ፣ ከዛ ከየቡድኑ አንዱን በአፍል ቲሚን አሳንሰው፣ 40 ኪሎባይት የነበረው ፋይል 60 ባይት ሲሆን ጥፋተኛው ባይት በዓይን ይታያል። ኮንቴይነር ውስጥ ጂዲቢ የሚባለውን ዲበገር ስትከፍት የአድራሻ መበታተኑን ማጥፋት አልቻልኩም የሚል ከመጣ አትደንግጥ፣ የዶከር ሴክኮምፕ ፕሮፋይል (የትኛው የከርነል ጥሪ እንደሚፈቀድ የሚወስነው) ያን ሲስተም ኮል በዛ መልኩ ስለማይፈቅድ ነው፣ ለዲበግ ብቻ ሌላ ኮንቴይነር ከዛው ኢሜጅ ሴክኮምፑን ከፍተህ አስነሳ፣ ሲፈዝ የሚያድረውን ግን እንደተዘጋ ተወው።

ኮንቴይነር ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ ለሚለው ደሞ፣ ጉግል በ2016 የጀመረው፣ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞችን ፈዝ የሚያደርገው ኦኤስኤስ ፈዝ ሁሉንም ፕሮጀክት የሚገነባው በዶከር ኢሜጅ ነው፣ እስከ 2025 ግንቦት ድረስ በ1000 ፕሮጀክቶች ላይ ከ13000 በላይ የደህንነት ቀዳዳና 50000 ባግ እንዲገኝና እንዲስተካከል ረድቷል። ያ ሁሉ ሲገኝ ከርነሉ ያው የጋራ ከርነል ነው፣ ብቻ የትኛው ሴቲንግ የሆስቱ፣ የትኛው የኮንቴይነሩ እንደሆነ አስቀድሞ ተለይቷል።

አሁን አንተ ያሉህን 312 ፋይሎች በሲግ ቁጥራቸው ለይተህ ስንት 06፣ ስንት 09፣ ስንት 11 እንደሆኑ ቁጠርና ጻፍልኝ። 11 ካለህ በዛው ኢሜጅ ውስጥ ሲምቦላይዝን 1 አድርገህ አንዱን አስሩጠውና የሳኒታይዘሩን ሪፖርት የመጀመሪያ ሃያ መስመር ለጥፍልኝ፣ ስፋትና ቁመቱን የሚያባዛውን መስመርም ከነቫርያብሎቹ ታይፕ ጨምርልኝ፣ ኢንት ነው ወይስ ሳይዝ ቲ የሚለውን ማየት እፈልጋለሁ።